ሳላይ የነገርኩሽ ፊልም

ውድ እህቴ ረይሃና፣

ደብዳቤ ሲጀመር ጤና ይጠየቃል። እኔ ግን የአንቺን ጤና ስጠይቅ ነው ያደግኩት። ከትምህርት ቤት ስገባ «ዛሬ እንዴት ነሽ?»፣ ስተኛ «ትራስ ልጨምርልሽ?» ከሄድሽ ሁለት ወር ከአስር ቀን ሆነ። አሁን የምጠይቅሽ ነገር የለኝም፤ የምነግርሽ ግን አለኝ። ከነገርኩሽም ውስጥ መልሼ መውሰድ ያለብኝ አንድ ነገር አለ።

ይህን ደብዳቤ ስለ ፊልም የምትጽፊበት ቻናልሽ ላይ እለጥፈዋለሁ። ስለዚህ አንቺ የምታውቂውን ነገር ሁሉ እየደጋገምኩ ብጽፍ ለአንባቢዎችሽ ብዬ ነው፤ ታገሺኝ።

«ረድፍ ሰባት» ብለሽ ስም ስላወጣሽለት ሰው ሁሉ በየእሁዱ ሰባተኛው ረድፍ ላይ ተቀምጠሽ ፊልም የምታዪ ይመስለው ነበር። የመጨረሻዎቹን ሁለት ዓመታት ግን የሲኒማ ቤቱን በር አልረገጥሽም። የልብሽ ቫልቭ ከዩኒቨርሲቲ በሁለተኛ ዓመትሽ አስወጣሽ፤ የአዳራሹን ሠላሳ አራት ደረጃም ከለከለሽ። የምሄደው እኔ ነበርኩ። እሁድ ስምንት ሰዓት እገባለሁ፤ ሲያልቅ በባጃጅ ወደ ሰፈራችን ጊንጆ እመለሳለሁ፤ አልጋሽ ጠርዝ ላይ ተቀምጬ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው እነግርሻለሁ። ሰኞ አንቺ ትጽፊያለሽ።

ታሪኩን ብቻ አልነበረም የምትጠይቂኝ። ሰው የት ጋ ሳቀ፣ ማን ተነስቶ ወጣ፣ ስልኩን ያወጣው ሰው መቼ አወጣው። አንድ ቀን «እኔ አይቼ እንደምነግርሽ ለምን አትጽፊም?» ብልሽ ምን አልሽኝ?

«ከዚያ ኮሜንቱ ሁሉ ‹እግዜር ይማርሽ፣ አላህ ያሽርሽ› ይሆናላ። ስሳሳት ይስደቡኝ ኡመይር፣ አይዘኑልኝ።»

ስለዚህ ሦስት ሺህ ከሚሆነው አንባቢሽ እኔን የሚያውቅ አልነበረም።

ከሄድሽ ወዲህ አራት እሁድ ገብቻለሁ። ያየሁትን ልንገርሽ፤ ይህን ከመናገሬ በፊት ወደ ዋናው ነገር መሄድ አቃተኝ።

መጀመሪያ ያየሁት ኮሜዲ ነው፤ «ሦስት ሙሽራ አንድ ቬሎ» ይባላል። ሦስት ሴቶች ሳይተዋወቁ ለአንድ እሁድ አንድ ቬሎ ይከራያሉ። ግማሹ ድረስ ግሩም ነው፤ ሳቁ የሚመጣው ከሰዎቹ ጭንቀት ነው። ከዚያ በኋላ ጸሐፊው የደከመው ይመስለኛል፤ ሚዜዎቹን እያንሸራተተ መጣል ጀመረ። ሰው አንዴ ሲወድቅ ያስቃል፤ አራተኛው ላይ የሳቀው የኋላው ረድፍ ብቻ ነበር። ከፊቴ የተቀመጡ አንዲት እናት ግን እስኪያልቅ ድረስ ትከሻቸው እየተንቀጠቀጠ ሳቁ። እኔም አንድ ቦታ ጮክ ብዬ ሳቅኩ። ስቄ ሳልጨርስ አፌን በእጄ ያዝኩት። ገና አስራ ሁለተኛ ቀንሽ ነበር።

ሁለተኛው የፍቅር ፊልም ነው። ልጁና ልጅቷ ተጣልተው ተለያይተው መጨረሻ ላይ ዶፍ ዝናብ ውስጥ ቆመው አሥር ደቂቃ ሙሉ ያወራሉ። ጅማ ውስጥ ይህን ማን ያምናል? እኛ አገር ዝናብ ሲመጣ የሚዋደዱም የሚጣሉም ሰዎች እኩል ወደ ሱቅ በረንዳ ነው የሚሮጡት። አጠገቤ የነበረው ልጅ «ጃንጥላ የሚሸጥ ሰው ይለፍላቸው እንጂ» ብሎ ረድፉን ሁሉ አሳቀው። ይሁን እንጂ የልጅቷን አባት ሆኖ የተጫወተው ሰውዬ ሲናደድ ድምፁን ዝቅ ያደርጋል። አባባን አስመሰለብኝ።

ልብ አንጠልጣዩ ብዙም አላንጠለጠለኝም። ገዳዩን በአሥረኛው ደቂቃ ለየሁት፤ ካሜራው ጫማው ላይ ቆየ። ካሜራ ያለ ጉዳይ ምንም ነገር ላይ አይቆይም ያልሽኝ አንቺ ነሽ፤ ከዚያ ወዲህ የወንጀል ፊልም ማየት አበላሽተሽብኛል።

አራተኛው አስፈሪ ፊልም ነው። ጂን የሰፈረበት ቤት። ፊልሙ ሲጀምር የአዳራሹ እኩሌታ ከጂን ይጠብቃል የሚባለውን አያተል ኩርሲ ይቀራ ነበር፤ ጂኑ በምን አቅሙ ያስፈራል? ነገር ግን ቤቱ ውስጥ ከአልጋ የማትነሳ ልጅ አለች፤ ዳይሬክተሩ ሰውን ሊያስፈራ ባሰበ ቁጥር የእሷን አተነፋፈስ ያሰማል። አጭር፣ እየተቆራረጠ የሚወጣ ትንፋሽ። ሴቶቹ ይጮሃሉ። እኔ ያንን ድምፅ በመጋረጃ ብቻ ተለይቼ ሁለት ዓመት እየሰማሁት ተኝቻለሁ፤ እንቅልፍ የሚወስደኝ እሱን ስሰማ ነበር። ዳይሬክተሩ ተሳስቷል ረይሃና። የሚያስፈራው ያ ድምፅ ሲቀር ነው። ተነስቼ ልወጣ ፈለግኩ፤ ግን የአንድም ፊልም መጨረሻ ሳላይ ላልወጣ ምያለሁና ስሞቹ ተጽፈው እስኪያልቁ ተቀመጥኩ።

ለምን እንደማልኩ አሁን እነግርሻለሁ።

ከመሄድሽ በፊት፣ ኩመራ የሚባለው የአጋሮ ልጅ «የለቀማ ወር» የሚለውን ፊልሙን ይዞ ጅማ የመጣ እሁድ ቲኬቱን ይዤ ገብቼ ነበር። አንዲት እናት ቡና እየለቀመች ልጇን ጅማ ታስተምራለች። ሩብ ሰዓት ያህል አየሁ። ሴትየዋ ትለቅማለች፣ ቅርጫቱን ታስቀምጣለች፣ ደግማ ትለቅማለች፤ አትናገርም። ጓደኛዬ ጅብሪል ከውጭ ደወለልኝ።

«የት ነህ አንተ? ጨዋታው ሊጀመር ነው።»

«ፊልም እያየሁ ነው።»

«የማን ፊልም?»

«የአጋሮ ልጅ የሠራው።»

«ቡና ሲለቀም ለማየት ቲኬት ቆረጥክ? አያትህ ማሳ ብትሄድ በነጻ ያሳዩህ ነበርኮ። ና በቃ፣ ቦታ ይዤልሃለሁ።»

ወጣሁ። ኳስ ማሳያ ቤት ገብቼ ሁለት ጨዋታ አይቼ ወደ ቤት መጣሁ። አንቺ ተደግፈሽ ተቀምጠሽ ደብተርሽን ይዘሽ ትጠብቂኝ ነበር። «እሺ፣ ከመጀመሪያው» አልሽኝ።

ከመጀመሪያው ነገርኩሽ። ሩብ ሰዓቱን እውነቱን፤ ከዚያ በኋላ ያለውን እየፈጠርኩ። ልጁ በመኪና አደጋ እንዲሞት አደረግኩት፤ እናትየው ታብዳለች አልኩሽ። ሰው የት ጋ ሳቀ ስትዪኝ «እብደቱ ላይ» አልኩሽ። እናቲቱን ሆነው የተጫወቱት እትዬ ፋንቱ እንዴት ናቸው ስትዪኝ ደግሞ «ወረቀት እንደሚያነብ ሰው ነው የሚያወሩት» አልኩሽ። ሲናገሩ እንኳን አልሰማኋቸውም ነበር። ብዕርሽን አስቀምጠሽ «ያሳዝናል፣ የአገራችን ልጅ ነበር» ስትዪ ለአፍታ ልነግርሽ ፈልጌ ነበር። ከዚያ እማማ እራት አቀረበች።

ሰኞ ጻፍሽ። ማክሰኞ ፖስቱ ከእጅ ወደ እጅ ሲተላለፍ ዋለ። በሚቀጥለው እሁድ አዳራሹ ባዶ ነበር አሉ።

ኩመራ ቤታችን የመጣው ሐሙስ ዕለት ነው። ረጅም ቀጭን ሰው ነው፤ ሲቀመጥ ጉልበቱ አገጩ ሊደርስ ነበር። ውሃ ይዤለት ገባሁ። ስልኩን ከፍቶ ፖስትሽን አሳየሽ።

«ማሎ እህቴ፣ እባክሽ አንድ ነገር ብቻ ንገሪኝ። ልጁ የት ጋ ነው የሞተው?»

ስልኩን ከእጁ ተቀብለሽ የጻፍሽውን ደግመሽ አነበብሽ።

«የኔ ፊልም ውስጥ ማንም አይሞትም። ሰው የምገድልበት በጀት አልነበረኝም።» ቀልድ ነበር፤ ግን አልሳቀም። «እትዬ ፋንቱ ሃምሳ ስምንት ዓመታቸው ነው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ቡና ሲያበጥሩ ኖረው አንድ ጊዜ ካሜራ ፊት ቆሙ። ልጃቸው ያንቺን ጽሑፍ አነበበችላቸው። ከእንግዲህ ካሜራ ፊት ብሞት አልቆምም ብለዋል። ፊልሙን አይተሽዋል ወይ?»

ትሪውን እንደያዝኩ በሩ ላይ ቆሜ ነበር። ቀና ብለሽ አየሽኝ። ብዙ አልቆየሽም። ከዚያ ወደ እሱ ዞርሽ።

«አላየሁትም» አልሽ። «ሳላይ ነው የጻፍኩት። ጥፋቱ የኔ ነው።»

ስሜን አልጠራሽም። ስለ ልብሽም፣ ስለ ደረጃውም አልነገርሽውም። ኩመራ ውሃውን ሳይቀምስ ተነሳ። «ከዚህ ይልቅ ‹አይቼው አስጠላኝ› ብትዪኝ ይሻለኝ ነበር» ብሎ ወጣ።

በሩ ሲዘጋ «አይተኸው ነበር?» አልሽኝ።

«ዋላሂ አይቻለሁ» አልኩሽ። በአላህ ስም ማልኩልሽ። አልፎ ተርፎም «ምናልባት ለአጋሮና ለጅማ የተለያየ አድርጎ ይሆናል የሠራው» አልኩ። አሁን ስጽፈው እንኳ ጆሮዬ ይግላል። አንቺ «እሺ» ብቻ አልሽ። ያን ቀን ፖስቱን አጥፍተሽ «ሳላይ ጻፍኩ፤ ይቅርታ» የሚል አስቀመጥሽ። ከሥሩ የተጻፈውን ሁሉ አንብቤዋለሁ። ውሸታም። ስንት ተከፍሎሽ ነው። ከሰደቡሽ አንዱ ክፍሌ ውስጥ ከኋላዬ የሚቀመጥ ልጅ ነው፤ በእረፍት ሰዓት እያነበበ ሲያስቅ እኔም ከሌሎቹ ጋር ፈገግ አልኩ።

ከዚያ ወዲህ ሁለት ፊልም ነግሬሻለሁ። በሁለቱም ስለ መጨረሻው አልጠየቅሽኝም። ደክሟት ነው ብዬ ነበር።

ከሦስት ሳምንት በኋላ፣ እሮብ ረፋድ ላይ፣ እኔ የሒሳብ ፈተና ላይ ሳለሁ ሄድሽ።

ቀብርሽ ላይ የሆነውን ሴቶች ስላልነበሩ እማማም በወሬ ነው የሰማችው። ከተሰገደብሽ በኋላ አባባ እንደ ወጉ ሰው ፊት ቆመ። አባባ ልብስ ሰፊ ነው፤ ብዙ ሰው ፊት ቆሞ ሲናገር አይቼው አላውቅም። «ልጄ ረይሃና አብዱልሃዲ ላይ ሐቅ ያለው፣ የበደለችው ሰው ካለ ይናገር፤ አለዚያም አውፍ ይበላት፣ ይቅር ይበላት» አለ። ሰው ሁሉ «አውፍ ብለናታል» አለ። የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ላይ ማን ምን ሐቅ ይኖረዋል? አባባ ሊዞር ሲል ከኋላ አንድ ድምፅ መጣ።

«እኔ ነበረኝ» አለ። ኩመራ ነው። «የሥራዬን ስም ባላየችው ነገር አጥፍታብኝ ነበር። ለአላህ ብዬ አውፍ ብያታለሁ።»

በክፉ አልነበረም። ከአጋሮ ድረስ የመጣው ለዚሁ ነው፤ ሸክም ሆኖብሽ እንዳይቀር። እኔ አባባ አጠገብ፣ ትከሻዬ ትከሻውን እየነካ ቆሜ ነበር። አንድ ቃል በቂ ነበር። «እኔ ነኝ» ማለት። አላልኩም። በኔ ጥፋት አንቺ አውፍ ተብለሽ አፈር ለበስሽ።

አባባ ያን ዕለት እማማን «ልጄ የሰው ሐቅ ይዛ ነበር፤ እኔ አላውቅም ነበር» ሲላት ሰማሁት። ከዚያ በኋላ ስለ አንቺ ሲወራ ዝም ይላል። ሰው «ታማኝ ልጅ ነበረች» ሲለው ክሩን በጥርሱ በጥሶ ወደ ስፌቱ ይመለሳል። ያስተዋልኩት እኔ ብቻ ነኝ፤ ምክንያቱን የማውቀውም እኔ ብቻ ነኝ።

ባለፈው እሁድ «የለቀማ ወር» አጋሮ በወጣቶች አዳራሽ እንደሚታይ ሰማሁና በሚኒባስ ሄድኩ። ወንበሩ የፕላስቲክ ነው፤ መጋረጃው ጥግ ላይ ተቀዷል። አሁን እውነተኛውን ልንገርሽ።

ሩብ ሰዓቱ ካለፈ በኋላ ልጁ መደወል ያቆማል። እናቲቱ ጫማዋን አጥባ ጅማ ትሄዳለች። ቀኑን ሙሉ ስትፈልግ ውላ ባጃጅ መቆሚያው ጋ ከጓደኞቹ ጋር ሲስቅ ታገኘዋለች። ትጠራዋለች። ዞር ብሎ ያያታል፤ ፊቱ ይለወጣል፤ ጓደኛው «ማናት?» ይለዋል። «እንጃ፣ አላውቃትም» ይላል። እትዬ ፋንቱ ለረጅም ጊዜ ምንም አይሉም። ከዚያ ለጓደኛው «ይቅርታ፣ የኔን ልጅ መስሎኝ ነው» ይሉና ዞረው ይሄዳሉ። በፊልሙ ሙሉ ከሃያ ዐረፍተ ነገር በላይ አይናገሩም። ወረቀት የሚያነብ ሰው እንዲህ አይናገርም ረይሃና። አዳራሹ ውስጥ ስልክ ያወጣ አልነበረም። ከፊቴ ያሉት ሽማግሌ ባርኔጣቸውን አውልቀው ጉልበታቸው ላይ አስቀመጡ።

ጉድለቱንም ልንገርሽ፤ አንቺ ማሞካሸት አትወጂም። ሙዚቃው ንግግሩን ይውጠዋል። ልጁ የሚጸጸትበት ሃያ ደቂቃ በጣም ረዝሟል፤ በአምስት ያልቅ ነበር። መብራቱ አንድ ቦታ ላይ ማታ ነው ሲባል ቀን ይመስላል። ግን ካየኋቸው ሁሉ የሚበልጠው እሱ ነው። አንቺ ብታዪው ምን ብለሽ እንደምትጽፊ አውቃለሁ፤ ያንን ጽሑፍ ነው የወሰድኩብሽ።

ሰው ሲወጣ ኩመራ ጋ ሄድኩ። ገመድ እየጠቀለለ ነበር።

«ኡመይር እባላለሁ፤ የረይሃና ወንድም ነኝ» አልኩት። «ፊልምህን አይቼ የነገርኳት እኔ ነኝ። አላየሁትም ነበር። ኳስ ላይ ነበርኩ። ልጁን የገደልኩት እኔ ነኝ።»

ገመዱን መጠቅለሉን አላቆመም። «እሷ ለምን ራሷ አልመጣችም?»

«ደረጃ መውጣት አትችልም ነበር።»

ያኔ አቆመ። ገመዱን መሬት ላይ አስቀመጠና «እንግዲህ እኔ ያቺን ልጅ ሰው ፊት ነው ያዋረድኳት» አለ።

«አንተ አይደለህም። እኔ ነኝ። አውፍ በለኝ።»

«ኤጋ፣ እንግዲህ ኡመይር፣ አውፌን ለእሷ ሰጥቼ ጨርሻለሁ፤ ለካ እሷ አያስፈልጋትም ነበር። ላንተ ዛሬ የለኝም፣ አልዋሽህም። እኔ የተናገርኩት ያ ሁሉ ሰው እየሰማ ነው። አንተ እዚህ ጥግ ላይ ለኔ ብቻ ብትነግረኝ ለእሷ ምን ይጠቅማታል?»

ሐሙስ ከትምህርት ቤት ወደ አባባ ሱቅ ሄድኩ። የአንድ ሰው ሱሪ እያሳጠረ ነበር። የማሽኑ ድምፅ እየጮኸ ሁሉንም ነገርኩት፤ ድምፁ ቢያግዘኝ ብዬ ነው። መሐሉ ላይ እግሩን ከመርገጫው አነሳ። መሐላዬ ጋ ስደርስ መነጽሩን አወለቀ። ይመታኛል ብዬ ነበር፤ ቢመታኝ ይሻለኝ ነበር።

«ኢልመ ኮ» አለኝ ድምፁን ዝቅ አድርጎ። ልጄ ሲለኝ ከሄድሽ ወዲህ የመጀመሪያው ነው። «ሁለት ወር ሙሉ ለልጄ ዱዓ ሳደርግ፣ ‹ጥፋቷን ማርላት› እያልኩ ነበር።»

«አውቃለሁ አባባ።»

«ታውቃለህ፤ አጠገቤ ሆነህ ‹አሚን› ትል ነበርኮ።»

መነጽሩን መልሶ አደረገ። «ነገ ጁምዓ ነው። ሐቅ ያለው ይናገር ብዬ የጠየቅኩት እኔ ነኝ። መልሱ ያንተ ነው፤ አንተ ትናገራለህ።»

ትናንት የመስጊዳችን ሸህ ከሰላት በኋላ ሰው እንዲቆይ ጠየቁ። አባባ ከፊት ለፊቴ ቆመ፤ ጅብሪልም ነበር፤ ክፍል ውስጥ ከኋላዬ የሚቀመጠው ልጅም ነበር፤ ደውዬ የጠራሁት ኩመራም መጥቶ ከበሩ አጠገብ ተቀምጦ አየሁት። «እህቴ ረይሃና በሰው ላይ አልዋሸችም። የዋሸሁት እኔ ነኝ። እኔን አምና ጻፈች፤ እኔን ሸፍና ተሰደበች፤ ስትቀበርም ዝም አልኩ» አልኩ። አዘጋጅቼው የነበረው ረጅም ነበር፤ የወጣው ይህ ብቻ ነው። አንድ ሽማግሌ «አውፍ ብለንሃል ልጄ» አሉ፤ ሌሎቹም ተከተሉ። ኩመራ ወዲያው አላለም። ሰው ሲበተን ጫማውን እያደረገ «እትዬ ፋንቱ ዘንድ ደግሞ አብረን እንሄዳለን» አለኝ። እሺ አልኩት። እሁድ እንሄዳለን።

አባባ ከመስጊድ እስከ ቤት ምንም ሳይናገር ሄደ። መንገድ ላይ ግን ፊቱ የተለየ ነበር። የሱቁ ጎረቤት ሲያገኘው ገና ሳይጠየቅ «ልጄኮ ንጹሕ ነበረች» አለው። እኔ ከኋላው እየሄድኩ ነበር። ያ ቃል ሁለት ወር ሙሉ እኔ ጋ ተቀምጦ ነበር።

ሸሁን በኋላ ብቻቸውን ጠየቅኳቸው። በሕይወት ያለ ሰው ሐቅ ይቅርታ ተጠይቆ ይለቀቃል፤ የሞተስ? «ዱዓ አድርግላት፣ ሰደቃ አውጣላት፣ ስሟን ጠብቅ» አሉኝ። «ይበቃል ወይ?» አልኳቸው። ትከሻዬን ነክተው «እሱን በፍርድ ቀን የምትነግርህ እሷ ናት» አሉኝ።

ስለዚህ አውፍ በይኝ ብዬ አልጨርስም። ልትመልሺልኝ አትችዪም፤ ዝምታሽንም እንደ እሺታ አልወስድም፤ አንዴ ወስጄው ነበር። ሐቅሽ እኔ ላይ ነው። እስክትጠይቂኝ ድረስ ይዤው እቆያለሁ።

ወንድምሽ ኡመይር አብዱልሃዲ
ጊንጆ፣ ጅማ